ቁርጥራጩ

ጫማ ቆራጭ ቆዳውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ መጀመሪያ የሚፈልገው ጠባሳውን ነው። የእሾህ ጭረት፣ የመዥገር ንክሻ፣ በጋለ ብረት የተተኮሰ ምልክት፤ ቅዱን የሚያስቀምጠው እነዚህን እያሸሸ ነው። ሲጨርስ እግሩ ሥር ተበታትኖ የሚቀረውን ነው እኔ የማደንቀው።

መዳፍ የሚያህለው ለኪስ ቦርሳ ይሆናል፤ ቀጭኑ ለሰዓት ማሰሪያ፤ ከዚያ ያነሰው ለቁልፍ መያዣ። ለምንም የማይበቃ የሚመስለውን ደግሞ ጫማ ሰፊው ለመጠገኛ ይወስደዋል። ቀለማቸው የማይገጥም ቁራጮች አንድ ላይ ሲሰፉ ወጥ ቆዳ የማይሰጠው መልክ ያለው ቦርሳ ይወጣቸዋል። ጠባሳ ያለበትን ቁራጭ ሆን ብሎ ፊት ለፊት የሚያውል ባለሙያማ ነፍሴ ነው!

ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ተረፈ ምርት ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣል። 1,000 ኪሎ ጥሬ ቆዳ ለፍቶ ሲያልቅ የሚገኘው ከ200 እስከ 250 ኪሎ ገደማ ነው። ቆዳው ኖራ ውስጥ ከተዘፈዘፈ በኋላ ከሚፋቀው ሥጋ ሞራ ይነጠራል፤ ለቆዳ ማልፊያ የሚውለው ክሮም ያልነካው ቅንጥብጣቢ ተቀቅሎ ሙጫና ጄላቲን ይሆናል። አስቸጋሪው ክሮም የጠጣው ፍቅፋቂ ነው፤ ሲቃጠል በውስጡ ያለው ክሮም ወደ መርዛማው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል። ተፈጭቶ ከላቴክስ ጋር ሲጨመቅ ግን ጠንካራ ሉህ ይወጣዋል፤ የጫማ የውስጥ ሶልና የተረከዝ ማጠንከሪያ ከዚሁ ይቆረጣል። እንደ ወጥ ቆዳ ተቆጥሮ ሲሸጥ ብቻ ያናድደኛል፤ በራሱ ስም ቢሸጥ ምን ይጎድልበታል?