የተጣለ ደም፣ የተቀመጠ ሴል

ሬቤካ ስክሉት በ2010 ስለ ሄንሪዬታ ላክስ ያሳተመችውን መጽሐፍ ያነበብኩት እዚህ ሮሽ ሃዓይን፣ እናቴ ከቀዶ ሕክምና ወጥታ ቤት ስታገግም ነው። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በ1951 ባልቲሞር ውስጥ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ ከአንዲት ጥቁር ታካሚ ዕጢ ላይ ሳትጠየቅ ቁራጭ ተወሰደ። ሴሎቹ ላቦራቶሪ ውስጥ መራባታቸውን አላቆሙም፤ ዓለምን አዳረሱ። ቤተሰቧ የሰማው ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

መጽሐፉ ጥሩ ነው። "ሄላ" ከሚለው የላቦራቶሪ ስም ጀርባ እናት፣ ሚስት፣ ሰው እንደነበረች ያሳያል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። መጨረሻው ላይ ክርክሩ "የማን ንብረት ነው? ማን ገንዘብ አገኘበት?" ወደሚለው ያደላል። ለአሜሪካ ተገቢ ጥያቄ ነው። የኛ ቁስል ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ የኛን ወስደው አላስቀመጡትም፣ ጣሉት እንጂ።

በጃንዋሪ 1996 ማጌን ዳቪድ አዶም ቤተ እስራኤላውያን የለገሱትን ደም ኤች አይ ቪን ፈርቶ ለዓመታት በድብቅ ሲደፋ እንደነበር ተጋለጠ። በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጡ። ለዚህ ነው እናቴ ከሚወጣው ሕብረ ሕዋስ ጥቂቱ ለምርምር እንዲቀመጥ ቅጽ ሲሰጣት ወደ እኔ ዞራ አንድ ነገር ብቻ የጠየቀችኝ፦ "ያስቀምጡታል ወይስ ይጥሉታል?"

ላስረዳት ሞከርኩ። ቁራጩ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ ውኃው ተመጦ በፓራፊን ሰም ይደፈናል፤ ከፀጉር በቀጠነ ስስ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል። አለዚያም በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ስሟ ተነሥቶ ቁጥር ይሰጠዋል። በዕብራይስጥ "ሃስካማ ሚዳአት" የሚባለው እኮ አውቆ መስማማት ነው፤ ቅጹ ግን ለሷ በማይገባ የሕግ ዕብራይስጥ ተጽፏል።

ታዲያ እንቢ እንበል? መጽሐፉን ዘግቶ የሚነሣ ሰው እንደዚያ ቢል አልፈርድበትም። እዚህ ከተማ ፍርሃቱ የኛ ብቻ አይደለም። በ1949 እና 1950 ልጆቻቸው ታመዋል ተብለው ከካምፑ ተወስደው ያልተመለሱላቸው የየመን ቤተሰቦች ዛሬም መልስ ይፈልጋሉ።

እኔ ግን እንቢታው አያዋጣንም እላለሁ። በዚያው በ1996 በ122 ኢትዮጵያውያን ላይ የተሠራ ጥናት ታተመ፤ 29 በመቶው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለውን ጂን በትርፍ ቅጂ ይዘው ተገኙ። ከዚህ ጂን የሚሠራው ኤንዛይም ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ወደ ሞርፊን ይለውጣል። ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው ቶሎ ስለሚለውጠው የተለመደው መጠን ሊጎዳው ይችላል። ይህን ያወቅነው አንዱ ናሙና ስለሰጠ፣ ሌላው ደግሞ ስላልጣለው ነው።

ለወላጆቻችን ቅጽ የምንተረጉመው እኛው ነን። እንግዲያው ከመፈረማቸው በፊት እንጠይቅላቸው፦ የት ይቀመጣል? ለስንት ጊዜ? ማን ይጠቀምበታል? ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ይወገዳል? የተገኘውንስ ማን፣ በምን ቋንቋ ይነግራቸዋል?

እናቴ እንደሚያስቀምጡት ስትሰማ ፈረመች። የመጨረሻውን ጥያቄ ግን እስካሁን የመለሰልን የለም።