ሰማይ ጣሪያው የሆነ ዋሻ ሚካኤል

ከአዲስ አበባው የካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሽቅብ፣ በባሕር ዛፉ መሃል የሚያወጣው መንገድ ዋሻ ሚካኤል ያደርሳል። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። ትውፊቱ ከአብርሃና አጽብሃ ዘመን ጋር ያያይዘዋል፤ ተመራማሪዎች ግን ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል። ጣሪያው ወድቋል። ስለዚህ ብርሃን በቀጥታ እየገባ የመፈልፈያውን ምልክት፣ የድንጋይ ሽበቱን፣ ስንጥቁን አንድ በአንድ ያወጣዋል። በተለይ ማለዳ፣ ጥላው ገና ረጅም ሳለ! እንዲህ ያለ ቦታ ፎቶ ማንሳትን እጅግ አከብራለሁ። ዝናብና የዛፍ ሥር በየዓመቱ አለቱን ይሸረሽሩታል፤ የዛሬው ምስል ለነገ ጠጋኝ ማስረጃ ነው። ካሜራ ያላችሁ ሂዱ። አስፈቅዳችሁ ግቡ፤ ግድግዳው ላይ ግን አትውጡ፣ ስማችሁንም አትጻፉበት።