ከተነሺው ጀርባ ያለው ጨርቅ፦ የዳራ ፋይዳ በሰይዱ ኬይታ ፎቶግራፎች

የፎቶ ቤት ዳራ ከቴአትር መድረክ የተወረሰ ነው። ከፎቶግራፍ ፈልሳፊዎች አንዱ የሆነው ሉዊ ዳጌር የመድረክ ትዕይንት ሠዓሊ ነበር። በ1841 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ፎቶ አንሺው አንቷን ክሎዴ የተሳለ ዳራን ለፎቶ ቤት መጠቀምን ለንደን ውስጥ በፓተንት አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛው ሥዕል በሆነ ዓምድና አትክልት ስፍራ ፊት ቆሞ መነሣት ለመደ። የዚህ ዳራ ተግባር ማስመሰል ነው፤ ተነሺውን በሌለበት ስፍራ ያኖረዋል። ማሊያዊው ሰይዱ ኬይታ ዳራ የመስቀሉን ልማድ ተቀበለ፤ ተግባሩን ግን ለወጠው። በእሱ ሥራ ዳራው ሌላ ስፍራን አይተካም፤ የፎቶው ዋና አካል ነው።

ኬይታ ፎቶ ቤቱን ባማኮ ውስጥ የከፈተው በ1948 ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው በግቢው፣ በፀሐይ ብርሃን ነበር። የመጀመሪያው ዳራ ዳር ዳሩ ዘርፍ ያለው የገዛ አልጋ ልብሱ ነው። በየሁለት ሦስት ዓመቱ ሌላ ጨርቅ ይተካ ስለነበር፣ የኋላ ኋላ የፎቶዎቹን ዘመን ለመለየት የረዳው ይኸው ጨርቅ ሆነ። ፊቶቹ ያልነገሩትን ዘመን ዳራው መዝግቦ አቆየ።

በክርኗ ተደግፋ ጋደም ያለችውን ሴት ፎቶ እንመልከት። ቀሚሷ ዝንጉርጉር ነው፤ የተጋደመችበት ጨርቅ ባለ ዳማ ጥለት ነው፤ ከበስተኋላዋ የተሰቀለውም ባለ ጌጥ ነው። ሦስቱ ጥለቶች ተጋፍተው የፊትና የኋላን ወሰን ያጠፉታል። ዓይን የሚያርፈው ጥለት በሌለበት በፊቷና በእጆቿ ላይ ብቻ ነው። ዳራው ባዶ ግድግዳ ቢሆን ኖሮ ፊቷ ይህን ያህል ጎልቶ ባልወጣ ነበር።

ኬይታ ራሱ የልብሱና የዳራው መግጠም የአጋጣሚ ጉዳይ እንደነበር ተናግሯል። ይህ ግን ንባቡን አያፈርሰውም። ጨርቁን የመረጠው እሱ ነው፤ ልብሱን የመረጠችው ደንበኛዋ ናት፤ ትርጉሙ የተወለደው ከሁለቱ ምርጫ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ አርጁን አፓዱራይ በ1997 ባሳተመው መጣጥፍ፣ የቅኝ ግዛት ፎቶግራፍ ተገዢውን እንደ ናሙና ሲሰንድ፣ ከቅኝ ግዛት በኋላ ያለው የፎቶ ቤት ዳራ ግን የዘመናዊነት መሞከሪያ መሆኑን ያሳያል። ትንታኔው ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የኬይታ ምርጥ ፎቶዎች የተነሡት ማሊ በ1960 ነጻ ከመውጣቷ በፊት በመሆኑ፣ ለውጡ የባንዲራ መለወጥን አልጠበቀም ማለት ይቻላል። ደንበኛው በራሱ ገንዘብ፣ በራሱ ልብስ፣ ጎረቤቱ በሰቀለው ጨርቅ ፊት ሲቀመጥ ናሙናነቱ ያን ጊዜውኑ አክትሟል።

ፎቶዎቹ በ1991 ኒው ዮርክ ላይ ለእይታ ሲቀርቡ የአንሺው ስም እንኳ አልተጠቀሰም ነበር። በኋላ ስሙ ገነነ፤ በእጅ ተይዘው ይታዩ የነበሩት ትንንሽ ፎቶዎችም የሙዚየም ግድግዳ በሚሸፍን መጠን ታተሙ። ከፎቶዎቹ ጋር የሚጻፈው መግለጫ ግን ዛሬም በአብዛኛው ስለ ተነሺው አቀማመጥና ስለ አንሺው ዝና ነው። የድሮ ፎቶ የሚሰበስቡና የሚያጠኑ ሁሉ ከተነሺው ማንነት ጎን ለጎን የዳራውን ጨርቅ ዓይነት፣ ጥለትና አሰቃቀል ሊመዘግቡ ይገባል። ያለ እሱ መዝገቡ ጎዶሎ ነው።