እሳቱ በጓሮ፣ ሙቀቱ በቤት

በሰሜን ምሥራቅ ፔንስልቬንያ ገጠር፣ የድንጋይ ከሰል ሲቆፈርበት በኖረው አገር፣ ከአንዳንድ ቤቶች ጀርባ ትንሽ የቆርቆሮ ጎጆ የሚመስል ነገር ቆሞ ይታያል። ጣሪያና ግድግዳ አለው፤ ከአናቱ ቀጥ ያለ የጭስ ማውጫ ወጥቷል። የማያውቀው ሰው የመሣሪያ ማስቀመጫ ይመስለዋል። በሩ ሲከፈት ግን ከውስጥ ሌላ ወፍራም የብረት በር አለ፤ ከዚያ በስተኋላ እሳት። ቤቱን የሚያሞቀው ይህ የጓሮ ምድጃ ነው። እሳቱ ውጭ ይነድዳል፤ እሳቱን የከበበው ውሃ ይሞቃል፤ የሞቀው ውሃ ከመሬት በታች በተቀበረ ቧንቧ ወደ ቤት ገብቶ ሙቀቱን ለክፍሎቹ ያስረክብና ዳግም ለመሞቅ ይመለሳል። ጭሱ፣ አመዱ፣ የእንጨቱ ቅርፊትና የከሰሉ ብናኝ የቤቱን ደፍ አያልፉም።

ሐሳቡ ቀላል ነው። በደንብ መሥራቱ ግን ትልቅ ሙያ ይጠይቃል። የብረት ሠራተኞችን እጅ መመልከት ለሚወድ ሰው ጥሩ የጓሮ ምድጃ ብዙ የሚያሳየው ነገር አለው፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ ግን አንድ ነገር ነው። በዚህ ዕቃ ላይ ለጌጥ ብቻ የተሠራ ነገር የለም። ያማረው ነገር ሁሉ ለአንድ የታወቀ አደጋ የተሰጠ ምላሽ ነው። ማዕዘኑ የታጠፈው፣ ቱቦው ክፍት የሆነው፣ በሩ በዝግታ የሚከፈተው አንድ ቀን አንድ ሰው እንዳይጎዳ ነው።

ከእሳት ሳጥኑ እንጀምር። ብዙ ጊዜ የሚሠራው 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ካለው ላሜራ ነው። ይህ ሳጥን በሌላ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥና በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በውሃ ይሞላል። የላሜራውን አንድ ገጽ ነበልባል ይልሰዋል፤ ሌላውን ገጽ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሞቀ ውሃ ይነካዋል። እሳቱ ሲግም ብረቱ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ይህም ብርዱ እስኪያልፍ ቀንና ሌሊት ይደጋገማል። እንዲህ የሚለጠጥና የሚሰበሰብ ብረት መጀመሪያ የሚፈታው በደካማ ብየዳው በኩል ነው።

ስለዚህ ጥሩ ሠሪ ከሁሉ አስቀድሞ የብየዳውን ብዛት ይቀንሳል። ማዕዘን ላይ ሁለት ላሜራ ቆርጦ ከመግጠም ይልቅ አንዱን ወጥ ላሜራ በማጠፊያ ማሽን ያጥፈዋል። የዞረው ማዕዘን ጫናውን በስፋት ያከፋፍላል፤ የሚከፈት ስፌትም የለውም። መበየድ ግድ በሆነበት ቦታ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ይበየዳል። መስመሩን ቀረብ ብሎ ማየት ያስደስታል። ሞገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በስፋትም በቁመትም እኩል ነው፤ ጠርዙ ላሜራውን ሳይበላ ይጋጠማል፤ በያጁ እጁን አንሥቶ እንደገና የጀመረበት ነጥብ ላይ ጉድጓድ አይታይም። ያቺ ማቆሚያና መጀመሪያ ነጥብ የሥራው መፈተኛ ናት፤ ማፍሰስ ከሚጀምርባቸው ቦታዎች አንዷ እሷ ነችና። ሰፋፊዎቹ ጠፍጣፋ ግድግዳዎች በውሃው ክብደት እንዳያብጡ በሁለቱ ሳጥኖች መካከል አጫጭር የብረት ዘንጎች እየተበየዱ ያያይዟቸዋል። ከዚያ ሳጥኑ በአየር ይሞላና በስፌቱ ሁሉ ላይ የሳሙና ውሃ ይቀባል፤ አረፋ የነፋ ነጥብ ካለ ተፍቆ እንደገና ይበየዳል። በመጨረሻ ይህ ሁሉ ድካም በሙቀት መከላከያና ቀለም በተቀባ ቆርቆሮ ይሸፈናል። ገዢው ዳግም አያየውም፤ በያጁም ያውቃል። ሆኖም ያንኑ መስመር ለዓይን እንደሚቀርብ አድርጎ ሠርቶታል።

ቀጥሎ የሚያስገርመው ከአናቱ ላይ ወደ አየር የተከፈተው የመተንፈሻ ቱቦ ነው። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይጨምራል። ውሃ የያዘን ዕቃ ግጥም አድርጎ ዘግቶ እሳት ላይ መጣድ ቦምብ ከመሥራት አይለይም። ስለዚህ አብዛኞቹ የጓሮ ምድጃዎች ግፊት እንዳይጠራቀምባቸው ክፍት ተደርገው ይሠራሉ። የሙቀት መቆጣጠሪያው ቢበላሽ፣ የአየር መዝጊያው ሳይዘጋ ቢቀር፣ ውሃው ቢፈላ እንኳ እንፋሎቱ መውጫ አለው። ከዚህ የቀለለ፣ ከዚህም የታመነ መፍትሔ አላውቅም። የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፣ መብራትም አይፈልግም። የዚህን ቱቦ አፍ ማንም በምንም ምክንያት መዝጋት የለበትም።

ክፍት መሆኑ ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ከአየር የገባው ኦክስጅን ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ለዚህም ዝገት የሚከላከል ኬሚካል ውሃው ውስጥ ይጨመራል፤ በየዓመቱም ናሙና ተቀድቶ ይመረመራል። ከሠሪው ሥራ ቀጥሎ የምድጃውን ዕድሜ የሚወስነው ይህ ትንሽ ጥንቃቄ ነው።

አሁን እሳቱ ወደሚያርፍበት የብረት ፍርግርግ እንምጣ። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንላለን። ከአንትራሳይት ጋር ግን ነገሩ ሁሉ ያለው ጉልቻው ላይ ነው። አንትራሳይት ጠንካራ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ቢነኩት እጅ ብዙም የማያጠቁር የፔንስልቬንያ ከሰል ነው። ጭሱ ጥቂት ነው፤ ነበልባሉ አጭርና ሰማያዊ ነው። ይሁን እንጂ በቀላሉ አይያዝም። ቀጥቃጮች በወናፍ እየነፉ ይጠቀሙበት ነበር እንጂ ያለ ወናፍ ለቤት ማሞቂያ ይሆናል ብሎ የሚያምን ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1808 በዊልክስ ባሬ ከተማ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት የነበረው ጄሲ ፌል ከሰሉን በብረት ፍርግርግ ላይ አድርጎ በቤት ምድጃ ውስጥ አነደደው። ወናፍ አላስፈለገውም። ከሥር በነፃነት የሚገባው አየር የወናፉን ሥራ ሠራ።

የዛሬው የጓሮ ምድጃም የቆመው በዚሁ ዕውቀት ላይ ነው። እንጨት ከላይና ከጎን በሚመጣ አየር ይነድዳል፤ በአመድ ላይ ተኝቶም ይነድዳል። የድንጋይ ከሰል ግን አየሩ ከሥሩ ገብቶ በመላ አካሉ ማለፍ አለበት። ስለዚህ ሁለቱንም ማንደድ የሚችል ምድጃ ጠንካራ የብረት ፍርግርግ፣ ፍርግርጉን ከውጭ የሚነቀንቅ ዘንግ፣ ከሥሩ የአመድ ክፍል፣ ለዚያም ክፍል የራሱ ጥብቅ በር ያስፈልገዋል። ጥሩ ፍርግርግ ሲነቀነቅ አመዱን እየፈጨ ያወርዳል፤ ፍሙን ግን አያፈስም። ፍርግርጉን ከመቅለጥና ከመጣመም የሚጠብቀው ከሥሩ የሚገባው ቀዝቃዛ አየር ነው። አመዱ ሳይጠረግ ተከምሮ ፍርግርጉን ከነካ አየሩ ይቋረጥና ብረቱ ይጣመማል። የአመዱን ክፍል ጥልቅ አድርጎ የሠራ ሰው የባለቤቱን ስንፍና ጭምር አስቦለታል። ለእንጨት ብቻ የተሠራ ምድጃ ውስጥ ከሰል መጨመር ደግሞ ዕቃውንም ሰውንም ለአደጋ ያጋልጣል፤ የአምራቹ መመሪያ የፈቀደውን ብቻ ማንደድ ይገባል።

በሩም እንዲሁ ሊታይ ይገባዋል። ክብደቱ በማጠፊያው ላይ እኩል ያርፋል፤ በጠርዙ ዙሪያ እሳት የማይበላው የመስታወት ጭረት ገመድ ተቀብሯል። ጥብቀቱን መፈተሽ ቀላል ነው። ምድጃው ቀዝቃዛ ሳለ ቁራጭ ወረቀት በሩ ላይ አስገብቶ መዝጋትና መሳብ፤ ወረቀቱ እንደ ልቡ ከወጣ ገመዱ መለወጥ አለበት። በሩ በፈለገው ቦታ አየር ካስገባ እሳቱ ከመቆጣጠሪያው ትእዛዝ ውጭ ሆነ ማለት ነው። ከሁሉም የምወደው ባለ ሁለት እርከን መያዣውን ነው። መጀመሪያ ሲሳብ በሩ በጣት ስፋት ብቻ ተከፍቶ ይያዛል፤ በሙሉ የሚከፈተው ለሁለተኛ ጊዜ ሲሳብ ነው። በዚያች ቅጽበት አየር ቀስ ብሎ ይገባና በሳጥኑ ውስጥ የታፈነው ጋዝ በሰው ፊት ላይ ሳይፈነዳ በጭስ ማውጫው በኩል ይወጣል። እንዲህ ያለ መያዣ በሌለበትም ባለቤቱ ወደ ጎን ቆሞ በሩን በጥቂቱ ገርበብ አድርጎ መጠበቅ አለበት።

የተከላው ሙያ ከብረቱ ሙያ አያንስም። ምድጃው የሚቆመው በተስተካከለ የኮንክሪት መደብ ወይም በተደለደለ ጠጠር ላይ፣ የሚቀጣጠል ነገር በሌለበት ቦታ ነው። ከዚያ ቦዩ ይቆፈራል፤ ቧንቧው ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ብርዱ በሚጠናበትም ከዚያ በላይ ጠልቆ ይቀበራል። የሚሄደውና የሚመለሰው ውሃ ቧንቧዎች እያንዳንዳቸው ውሃ በማያስገባ ፎም ይጠቀለላሉ፤ ሁለቱም በአንድ ጠንካራ ሽፋን ውስጥ ይገባሉ። የዚህን ሥራ ጥራት በረዶው ራሱ ይመሰክራል። ከምድጃው እስከ ቤቱ ያለው በረዶ እንደ ሌላው ጓሮ ሳይነካ ከተኛ ቧንቧው ሙቀቱን ይዟል። በቦዩ ላይ የቀለጠ መስመር ከታየ ግን ባለቤቱ እንጨትና ከሰል የሚፈጀው አፈር ለማሞቅ ነው።

ውሃውን የሚያዘዋውረው ፓምፕ በዝቅተኛው ቦታ ይተከላል፤ በግራና ቀኙ መዝጊያ ቫልቭ ይደረግለታል። ፓምፑ በእኩለ ሌሊት ቢበላሽ ባለቤቱ ሁለቱን ቫልቮች ዘግቶ፣ ውሃውን ሁሉ ሳያፈስ፣ በአጭር ጊዜ ይለውጠዋል። የሚመለሰው ውሃ ከ60 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ የሚያደባልቅ ቫልቭም ይገጠማል፤ የቀዘቀዘ ውሃ የሳጥኑን ግድግዳ ካቀዘቀዘው የጭሱ እርጥበት እዚያ ላይ ይጤዛል፣ ቅጥራን ይሆናል፣ ብረቱን ይበላል። በቤት ውስጥ ደግሞ የመታጠቢያው ውሃ ከምድጃው ውሃ ጋር አይገናኝም፤ በስስ የብረት ሉሆች መካከል ጎን ለጎን ሲያልፉ ሙቀቱ ብቻ ይሸጋገራል። ወደ ገላ መታጠቢያው የሚሄደውን 49 ዲግሪ አካባቢ ላይ የሚገድብ ቫልቭ ካልተገጠመ ግን የሕፃን ቆዳ ሊላጥ ይችላል። ይህን ቫልቭ ሳይጠየቅ የሚገጥም ቧንቧ ሠራተኛ ሙያውን ያወቀ ነው።

ከዚህ በኋላ ሥራው የባለቤቱ ነው። እንጨቱ ተፈልጦ፣ ከላዩ ተሸፍኖ፣ ከጎኑ ነፋስ እያገኘ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች እስኪወርድ ይደርቃል፤ ይህም ቢያንስ ስድስት ወር፣ ለጠንካራ እንጨት አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ከሰሉ ሲጨመር እሳቱ በሙሉ አይዳፈንም፤ ከአንድ ወገን ቀይ ፍም ተጋልጦ ይተዋል፣ ከአዲሱ ከሰል የሚወጣው ጋዝ እዚያው እየተቃጠለ እንዲያልፍ። አንትራሳይት ከላይ ሲቆሰቆስ ይጠፋል፤ የሚነካው ከሥር፣ በፍርግርጉ ብቻ ነው። ከሥር ቀይ ብርሃን በእኩል መታየት ሲጀምር መነቅነቁ ይበቃል። አመዱ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ይወሰዳል፤ የተዳፈነ ፍም ለቀናት ሊቆይ ስለሚችል ከቤትም ከእንጨት ክምርም ርቆ ይቀመጣል። ቤንዚንም ሆነ ነጭ ጋዝ ለማቀጣጠያ አይነካም። ፕላስቲክ፣ ቀለም የተቀባ ወይም በኬሚካል የታከመ እንጨት አይነድም። ብርዱ ሲያልፍ ሳጥኑ ተጠርጎ ይደርቃል፤ በከሰል አመድ ውስጥ ያለው ድኝ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ሆኖ የበያጁን ውብ ሥራ በዝምታ ይበላዋልና።

ጎረቤትም አለ። በእነዚህ ምድጃዎች ላይ የሚነሣው ቅሬታ ፍትሐዊ ነው። አሮጌዎቹ ምድጃዎች እርጥብ እንጨት በታፈነ እሳት እያጨሱ ሰፈር ይሸፍኑ ነበር። ፔንስልቬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ደንብ አዲስ የሚተከል የጓሮ እንጨት ምድጃ ከጎረቤት ወሰን ቢያንስ 50 ጫማ፣ ማለትም 15 ሜትር ገደማ እንዲርቅ፣ ጭስ ማውጫውም ከመሬት ቢያንስ 10 ጫማ እንዲረዝም አዝዛለች። የፌዴራሉ መንግሥት በ2015 ያወጣው ደንብም በ2020 ይበልጥ ጠብቆ፣ ሠሪዎቹ የአዳዲስ የእንጨት ምድጃዎችን ጭስ እንዲቀንሱ አስገድዷል። ይህ ለሙያው ሸክም አልሆነም፤ ሙያውን ከፍ አደረገው። ጎረቤትን የሚያሳውር ምድጃ፣ ብየዳው ምንም ያህል ቢያምር፣ በደንብ ተሠርቷል አይባልም።

በተዘጋ ክፍል የተተወ የከሰል ማንደጃ በአገራችን የስንቱን ቤት እንዳጨለመ የምናውቅ ሰዎች እሳትን ከቤት ማስወጣት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። በአሜሪካ ገጠር እንዲህ ያለ ምድጃ ያለበት ቤት የምትገዙ ወገኖች ቀለሙንና ቆርቆሮውን አይታችሁ አትወስኑ። የመተንፈሻ ቱቦው ክፍት መሆኑን እዩ፤ የበሩን ገመድ በወረቀት ፈትሹ፤ ፍርግርጉ አለመጣመሙን ተመልከቱ፤ የውሃው ምርመራ መቼ እንደተደረገ ጠይቁ፤ የመታጠቢያውን ሙቀት የሚገድበውን ቫልቭ አሳዩኝ በሉ። ምድጃው ውጭ ቢሆንም በቤት ውስጥ የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ስቀሉ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከጎደለ፣ ባለሙያ አስጠርታችሁ ሳታስተካክሉ እሳት አታንድዱበት።