ያላየውን ያስቀደመ ደጋፊ

የስፖርት ጸሐፊው ቢል ሲመንስ በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ የሚጫወተው የቦስተን ሴልቲክስ ደጋፊ መሆኑን አይደብቅም። አባቱ ወደ ዓመቱ ጨዋታዎች ሁሉ የሚያስገባ ትኬት ስለነበራቸው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ወደ ቡድኑ ሜዳ ወደ ቦስተን ጋርደን ተመላልሷል፤ የሴልቲክሱ ላሪ በርድ በነገሠበት ዘመን ደግሞ ጎረምሳ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2009 «ዘ ቡክ ኦፍ ባስኬትቦል» የተሰኘ ከ700 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ አውጥቶ 96 ተጫዋቾችን ባለ አምስት እርከን ፒራሚድ ላይ ሲደረድር፣ አንባቢ በርድን ከጫፉ ላይ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ሲመንስ ግን በርድን 5ኛ አደረገው። ከፊቱ ያስቀመጠው የባላንጣውን የሌከርስን ተጫዋች ማጂክ ጆንሰንን ነው፤ ይህን ቦስተን ውስጥ ጮክ ብሎ መናገር ድፍረት ይጠይቃል። ከማይክል ጆርዳን ቀጥሎ 2ኛውን ስፍራ የሰጠው ደግሞ ለሴልቲክሱ ቢል ራስል ነው። ሲመንስ የተወለደው በ1969 ነው፤ ራስል ደግሞ ሲመንስ ከመወለዱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ጫማውን ሰቅሏል። ያላየውን ከሚወደው አስበለጠ ማለት ነው፤ እኔም መጽሐፉን ያመንኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥር ብቻ ከታየ ራስል መከራከሪያ የለውም። በጨዋታ በአማካይ 15.1 ነጥብ ያስቆጠረ ሰው፣ በ1961-62 የውድድር ዘመን በአማካይ 50.4 ነጥብ ካስቆጠረው ዊልት ቻምበርሌን ጋር እንዴት ይነጻጸራል? ሲመንስ ለዚህ ጥያቄ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቷል። መነሻው የቀድሞው ተጫዋች አይዛያ ቶማስ ላስ ቬጋስ ውስጥ መዋኛ አጠገብ የነገረው ሐሳብ ነው፦ የማሸነፍ ምሥጢር ከኳስ ችሎታ ውጭ፣ ተጫዋቾች ለአንድ ቡድን ራሳቸውን በሚሰጡበት መንገድ ላይ ነው። ራስል በ13 የውድድር ዘመን 11 ዋንጫ አነሣ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ያነሣው ተጫዋችም አሠልጣኝም ሆኖ ነው። ዋና ሥራው የነበረውን፣ የተቃራኒን ምት በአየር ላይ ማክሸፍን፣ ሊጉ መመዝገብ የጀመረው በ1973-74 ነው። ሌላው ኳሱን ወደ ተመልካች ወንበር ሲያላጋ፣ እሱ ሜዳ ውስጥ አስቀርቶ ለቡድን ጓደኞቹ የመልሶ ማጥቃት መነሻ ያደርገው ነበር። ይህ የትኛውም ሰንጠረዥ ላይ የለም። የፍጻሜው ኮከብ ሽልማት እንኳ የተጀመረው በመጨረሻው ዓመቱ ሲሆን፣ የወሰደው የተሸነፈው ቡድን ተጫዋች ጄሪ ዌስት ነበር። ሽልማቱ ዛሬ የሚጠራው በራስል ስም ነው።

ቅሬታዬ የሚጀምረው እዚሁ ምዕራፍ ላይ ነው። ሲመንስ ቻምበርሌንን እንደ ዐቃቤ ሕግ ይከሰዋል እንጂ አይመዝነውም። በራስል ዘመን ሊጉ ለብዙ ዓመታት ስምንትና ዘጠኝ ቡድን ብቻ ነበረው፤ ከራስል ጎን ደግሞ ቦብ ኩዚ፣ ሳም ጆንስ፣ ቶም ሃይንሰን፣ ጆን ሃቭሊቼክ ተሰልፈዋል፤ አሠልጣኙም ለአብዛኛው ጊዜ ሬድ አወርባክ ነበር። ራስል የተሻለ ቡድን ስለነበረው ነው ያሸነፈው የሚለውን ሙግት ሲመንስ ለማፍረስ ይሞክራል፤ እኔን አላሳመነኝም።

ከፒራሚዱ ሴልቲክሶችን ብቻ ነጥለን ብናወጣ ደግሞ ሌላ ችግር ይታያል። ዋንጫ ዋናው መለኪያ ከሆነ 10 ያለው ሳም ጆንስ 3 ብቻ ያለውን በርድን መብለጥ ነበረበት። አልበለጠም፣ ሊበልጥም አይገባም። የተሻለው ጥያቄ ተጫዋቹ ሲመጣና ሲሄድ ቡድኑ ምን ሆነ የሚለው ነው። በርድ ከመምጣቱ በፊት በነበረው የውድድር ዘመን ሴልቲክስ 29 ጊዜ አሸነፈ፤ እሱ በመጣበት 61 ጊዜ። ራስል በሄደ ማግስት የሊጉ ሻምፒዮን የነበረው ቡድን 48 ጊዜ ተሸንፎ ከጥሎ ማለፉ ውጭ ሆነ። እርግጥ ሳም ጆንስም በዚያው ዓመት ነው ያቆመው፤ ስለዚህ ውድቀቱን በራስል መሄድ ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

ሃቭሊቼክ ደግሞ ሲመንስ ከሰጠው በላይ ክብር ይገባዋል እላለሁ። ተቀያሪ ሆኖ ጀምሮ በ16 ዓመት 26,395 ነጥብ አስቆጠረ፤ እስከ ዛሬ የሴልቲክስ ክብረ ወሰን ነው። ከራስል ጋር ስድስት፣ ራስል ከሄደም በኋላ ሁለት ዋንጫ ወስዷል።

ስለ አጻጻፉም አንድ ነገር ልበል። የወንዶች መልበሻ ክፍል ቀልዱ፣ በተለይ በሴቶች ላይ የሚሰነዝረው፣ ዛሬ ላይ ሲነበብ ያሳፍራል። የግርጌ ማስታወሻው ማለቂያ የለውም፤ የ1980ዎቹን የአሜሪካ ፊልም ያላየ ሰው ግማሹን ቀልድ አይከተለውም። መጽሐፉም አርጅቷል፤ ሴልቲክስ በ2024 18ኛ ዋንጫውን ሲያነሣ የነበረው ጄሰን ቴተም እዚህ ውስጥ የለም።

የእኔ ቅደም ተከተል ራስል፣ በርድ፣ ሃቭሊቼክ፣ ኩዚ ነው፤ ለፖል ፒርስ አምስተኛውን እሰጣለሁ። መጽሐፉን የሚያገኝ ሰው የራስልንና የቻምበርሌንን ምዕራፍ በጥሞና ያንብብ፤ የግርጌ ማስታወሻውን ቢዘለው ብዙ አይቀርበትም።