ዓይን ጨፍኖ የሚመዘን ፊልም

የድርጅት ዶክመንተሪ በተመረቀ ቁጥር የምሰማው ሙገሳ አንድ ዓይነት ነው። «ምስሉ እንዴት ያምራል! ድሮኑን አያችሁት?» ይባላል። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ፈገግ ይላሉ፤ ሥራ አስኪያጁ የአዘጋጁን እጅ ይጨብጣሉ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ እበግናለሁ፤ የተጨበጨበለት ፊልም ገና አላለቀማ!

ምስሉ መጥራቱን፣ መስኮት ጀርባው አድርጎ የተቀመጠ ሰው ፊት አለመጥቆሩን፣ ፊልሙ ለማን እንደተሠራ መታወቁን አልዘረዝርም። ይህን የማያሟላ ሰው መጀመሪያውኑ ሥራውን መቀበል አልነበረበትም። የዓመቱን ሪፖርት «ባለድርሻ አካላትን በማሳተፍ» እያለ የሚያነበንብ ተራኪም ማንንም አያታልልም። ሰው የሚሸወደው በማጀቢያ ሙዚቃው ነው።

ዓይናችሁን ጨፍኑና ፊልሙን አድምጡት። ሙዚቃው ከርዕሱ እስከ ምስጋናው ካልተቋረጠ ሥራው መጥፎ ነው። ገበሬ ሲታይ ዋሽንት፣ ሕፃን ሲታይ ፒያኖ፣ ሕንፃ ሲመረቅ ከበሮ! ተመልካቹ መቼ እንደሚያዝን፣ መቼ እንደሚደሰት ይታዘዛል፤ ቦታው ግን የለም። የቦኖው ውኃ ጀሪካን ውስጥ ሲወርድ አይሰማም። ወፍጮ ቤቱ ድዳ ነው። ጤና ጣቢያው ደጃፍ ወረፋ የያዙት እናቶች ሲያወሩ አፋቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፃቸው የለም።

ነገሩ የጣዕም ልዩነት አይደለም። የማያቋርጥ ሙዚቃ፣ የሰነበተ ሥጋ ላይ እንደሚነሰነስ በርበሬ፣ የሚደብቀው ነገር አለው። ካሜራማኑ ለብቻው ተልኳል፤ የድምፅ ባለሙያ «ወጪ ለመቀነስ» ቀርቷል፤ የተቀረጸው ካሜራው ላይ በተሰካችው ማይክሮፎን ነው። ኤዲተሩ የተናጋሪዋን ቃል ሲቆራርጥ ከጀርባዋ ያለው ድምፅ በየቆረጣው ይዘላል፤ ጄኔሬተሩ ይሰማል፣ ይጠፋል፣ ዶሮ ጩኸቷን ሳትጨርስ ትቀራለች። ያን ሁሉ ዋሽንቱ ይሸፍነዋል። የባሰውም አለ። እናትየዋ «ውኃው ገብቶልናል፤ በበጋ ግን ይደርቃል» ብለው ከነበረ፣ ከሙዚቃው ሥር «ውኃው ገብቶልናል» ብቻ ይቀራል። የአካባቢው ድምፅ ሳይሸፈን ቢቀር ኖሮ መቀሱ የገባበት ቦታ በጆሮ ይታወቅ ነበር።

ጋሼ እያልን የተከተልናቸው አንድ የድምፅ ባለሙያ ነበሩ። ናግራ ቴፕ መቅረጫቸውን በትከሻቸው አንግበው፣ ክፍል ሲገቡ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚፈልጉት ፍሪጅ ነበር። ፍሪጅ ካለ ድምፁ ቀረጻው ውስጥ እንዳይገባ ባለቤቱን አስፈቅደው ይነቅሉና የመኪናቸውን ቁልፍ ውስጡ ያስቀምጣሉ፤ መልሰው ሳይሰኩ መሄድ አይችሉማ! ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ ማንም ከወንበሩ እንዲነሳ አይፈቅዱም። አንድ ደቂቃ ሙሉ ሁሉም ዝም ይልና የክፍሉ የራሱ ድምፅ ይቀረጻል፤ ኤዲተሩ በኋላ ክፍተቶቹን የሚሞላው በእሱ ነው። ውጭ ሹፌሩ ሞተር ካስነሳ እንደገና «ሀ» ይባላል። አዘጋጆቹ ሰዓታቸውን እያዩ ያጉረመርሙ ነበር። የዛሬ ተለማማጆች ይህችን ደቂቃ ጨርሶ አያውቋትም፤ እኔ ደግሞ እሷን ያልቀረጸ ሰው ቀረጻ ሄድኩ እንዲለኝ አልፈቅድም።

«የድርጅት ፊልም ማስታወቂያ ነው፤ ሙዚቃ የግድ ይላል» የሚሉኝ አሉ። ግን እ.ኤ.አ. በ1935 አርተር ኤልተንና ኤድጋር አንስቴይ «ሃውዚንግ ፕሮብለምስ» የተባለውን ዶክመንተሪ ሲሠሩ ገንዘቡን ያወጣው የእንግሊዝ የጋዝ ኢንዱስትሪ ነበር። የዚያን ዘመን ከባድ የድምፅ መሣሪያ ወደ ለንደን ድሆች ጠባብ ቤት አስገቡ፤ ነዋሪዎቹም በገዛ አንደበታቸው ስለ ትኋኑና ስለ አይጡ ተናገሩ። በዓመቱ የብሪታንያ ፖስታ ቤት የፊልም ክፍል ሌሊቱን ወደ ስኮትላንድ ስለሚሮጠው የፖስታ ባቡር «ናይት ሜይል»ን ሠራ። ሙዚቃውን የደረሰው ቤንጃሚን ብሪተን፣ ግጥሙን የጻፈው ኦደን ነው። እንዲህ ያለ ሰው በእጁ የያዘ አዘጋጅ እንኳ ግጥምና ሙዚቃውን አንድ ላይ የለቀቀው ወደ ማብቂያው ነው። ከዚያ በፊት ጆሯችን የሚውለው ከሠራተኞቹ ጨዋታና ከባቡሩ ጋር ነው። ደብዳቤ የሚለዩበት ፉርጎ እኮ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነበር! ሰዎቹ እውነተኛ የፖስታ ሠራተኞች ናቸው፤ ስቱዲዮውን ባቡር ያደረገው ግን ድምፁ ነው።

ስለዚህ ፊልም የምታሠሩ ሁሉ፣ ውሉ ላይ የድምፅ ባለሙያ ለብቻው ይጻፍ፤ በጀት ካጠረ ድሮኑ ይሰረዝ። የመጀመሪያውን ቅጂ ያለ ምንም ሙዚቃ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። የሰዎቹ ንግግር በራሱ ከቆመ፣ ሙዚቃ የት እንደሚገባ ያኔ ተነጋገሩ፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ቦታ ይበቃል። ኤዲተሩ «ያለ ሙዚቃ አይታይም» ካለ አትረከቡ፤ ቡድኑ የድምፅ ባለሙያ ይዞ ወደ ቦታው ይመለስ።