ምቾቱ በየት በኩል ይግባ?

ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባሉት ኮንዶሚኒየሞች ለሳሎኑ የሙዚቃ ዕቃ መግዛት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ድምፁ ይመርልኝ ወይስ አጠቃቀሙ ይቅለለኝ?» ብሎ ነው። ዕቃውን ፈትቶ ለሚጠግን ባለሙያ ግን ጥያቄው እንዲህ ሆኖ አይታየውም። ዘፈኑ በአንድ በኩል ይገባል፤ በአምፕሊፋየሩ ያልፋል፤ በመጨረሻም ስፒከሩ አየር እየገፋ ያወጣዋል። ምቾት በመግቢያው በኩል ሲመጣ የሚያስከፍለው ጥቂት ነው፤ በመውጫው፣ ማለትም በስፒከሩ በኩል ሲመጣ ግን ሙዚቃውን ይዞት ይሄዳል። ገበያው የሚሸጥልን ደግሞ ሁለቱን ምቾቶች በአንድ ሳጥን አሽጎ ነው።

ስለ መግቢያው ከካሴት የተሻለ ምስክር የለም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አሳትሞ አምሃ ሪከርድስን ሲጀምር፣ ሸክላ ማጫወት ጥንቃቄ የሚፈልግ ሥራ ነበር። መርፌው ያልቃል፣ ሸክላው ይጫራል፣ ማጫወቻውም ከተቀመጠበት አይነቃነቅም። አሥር ዓመት ገደማ ሲያልፍ ገበያውን ካሴት ወሰደው። በቁጥር ቢሆን ካሴት መሸነፍ ነበረበት፤ በስቱዲዮ ቴፕ በሰከንድ 38 ሴንቲ ሜትር ሲጓዝ፣ የካሴት ክር የሚጓዘው 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ስፋቱም 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም። «ሽሽ» የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥርም ይደራረባል። ቢሆንም የሮሃ ባንድ ዘመን ሙዚቃ በየቤቱና በየመኪናው የገባው በዚሁ ክር ነው። ያንኑ ካሴት ደህና ስፒከር ባለው ቴፕ የሰማ ሰው የቤዝ ጊታሩን አካሄድ ከነሽሽታው መከተል ይችላል። መግቢያው ደከም ቢልም መውጫው ጤነኛ ስለነበር ሙዚቃው አልጠፋም።

ዛሬ የካሴትን ቦታ የያዙት ፍላሽና ብሉቱዝ ናቸው፤ ጥራት ወዳዶችም በብሉቱዝ ላይ ያላቸው ቅሬታ መሠረት የሌለው አይደለም። ሲዲ በሰከንድ 1411 ኪሎ ቢት ሲያስተላልፍ፣ የብሉቱዝ መደበኛ አጨማመቅ ቢበዛ 328 ገደማ ነው። ነገር ግን በየፍላሹ የምናገኘው ዘፈን ራሱ አስቀድሞ በኤምፒ3 ተጨምቆ፣ ብዙ ጊዜም ወደ 128 ወርዶ የመጣ ነው። የተቆረጠውን ድምፅ ውድ ገመድ አይመልሰውም። ደግሞስ በአንድ አምፕሊፋየርና በአንድ ጥንድ ስፒከር፣ አንዴ በገመድ አንዴ በብሉቱዝ ቢጫወትለት ልዩነቱን በእርግጠኝነት የሚለይ ሰው ስንት ይገኛል? ስፒከሩ ሲቀየር ግን ወጥ ቤት ያለው ሰው እንኳ ያውቃል።

ምክንያቱ ፊዚክስ ነው። የድምፁ ፍሪኩዌንሲ በግማሽ ሲወርድ፣ በዚያው ጉልበት ለመሰማት የስፒከሩ ወረቀት አራት እጥፍ ርቀት መመላለስ አለበት። መዳፍ የምታክል ስፒከር ይህን ያህል የምትንቀሳቀስበት ቦታ የላትም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ድምፁ ዝቅ ሲል ቤዙን በኤሌክትሮኒክስ ያሳብጡታል፤ ከፍ ሲል ወረቀቱ እንዳይቀደድ መልሰው ይቀንሱታል። በትንሿ ሳጥን ከበሮ ያለበትን ዘፈን ከፍ አድርጎ መስማት በቂ ማስረጃ ነው፤ የጠባቡ አፍ ጥፊ የሚመስል ምት ይቀራል፣ የሰፊው አፍ ድም የሚል ምት ይጠፋል። ክራሩና ድምፃዊው ብዙም አይጎዱም፤ ሱቅ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ የሚሞክር ገዢም የሚሸወደው በዚህ ነው። ግራና ቀኝ ስፒከሮቹ በስንዝር ርቀት ሲቀመጡ ደግሞ ባንዱ ሁሉ አንድ ቦታ ተፋፍጎ የቆመ ይመስላል።

«መብራት ሲጠፋ ያንተ ትልቅ ስፒከር ምን ይጠቅመኛል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ከአገሪቱ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ፣ አባ ሳሙኤል፣ እዚሁ አቃቂ ወንዝ ላይ ቢሆንም ሻማ ከቤቱ ያራቀ ሰው የለም። ባትሪ ያላት ትንሽ ዕቃ ለዚያ ሰዓት ትኑር፤ ዋናውን ቦታ ግን አትውሰድ። ስለ ጎረቤት የሚነሳው ሙግት ይበልጥ ይከብዳል፤ የብሎኬት ግድግዳ ወፍራም ድምፅን አያቆምም። ሆኖም ትልቅ ስፒከር ዝቅ ብሎም ሙሉ ሆኖ ይሰማል፤ ትንሹን ግን ሰው እስኪጮህ ድረስ ይከፍተዋል። ስፒከሩን ከግድግዳው ማዕዘን ማራቅና ከወለሉ ከፍ ማድረግ ብቻ ብዙ ጉምጉምታ ይቀንሳል፤ ወጪም የለውም።

ከሁሉ የሚያሳምነኝ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ሦስት ሪሞትና የተጠላለፈ ገመድ ያለው፣ ከቤቱ ሰው አንዱ ብቻ የሚከፍተው ዕቃ ዝም ብሎ አቧራ ይጠጣል። የማይከፈት ዕቃ ጥራት የለውም። መፍትሔው ግን ስፒከሩን መጣል አይደለም፤ በአሮጌው አምፕሊፋየር የኦክስ ቀዳዳ ላይ አነስተኛ የብሉቱዝ መቀበያ መሰካት ነው። ያኔ እናትም ልጅም በየስልካቸው ያጫውታሉ።

ጥገናውም ይታሰብ። የድሮ ስፒከር ሲንኮሻኮሽ አብዛኛውን ጊዜ የሞተው በጠርዙ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ ነው። በጣት ሲነካ እንደ አመድ ይፈረፍራል፤ እሱ ተልጦ አዲስ ሲለጠፍ ወረቀቱና ማግኔቱ ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። የአቃቂ አቧራ የሚያንኮሻኩሸው የድምፅ መቆጣጠሪያ ቁልፍም ሲጸዳ ይድናል። በሙጫ የታሸገች ሳጥን ግን ባትሪዋ ሲደክም ሳትሰበር አትከፈትም። ስለዚህ ገዢው ሱቅ ሲገባ ከበሮ ያለበትን፣ በደንብ የሚያውቀውን ዘፈን ይዞ ይሂድ፤ ሦስት ሜትር ርቆ ቆሞ ዝቅም ከፍም አድርጎ ያዳምጥ። ከዚያ ሻጩን «ይህ በብሎን ነው ወይስ በሙጫ የተዘጋው?» ብሎ ይጠይቀው።